የሠራተኛ ቤተሰብ የጤና መድን ወጪን በተመለከተ ከጌጃ ሰፈር አነስተኛ ድርጅቶች የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በልደታ ክፍለ ከተማ ጌጃ ሰፈርና ዙሪያውን ጋራዥ፣ ብረታ ብረት ቤት፣ እንጨት ሥራ፣ ማተሚያ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ካፌና ምግብ ቤት ከፍተን፣ ከሦስት እስከ ሠላሳ ሰው ቀጥረን የምናሠራ አሠሪዎች፣ የሠራተኞቻችንን ተወካዮች አብረን አስቀምጠን በጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ሙሉ ቀን ከተወያየን በኋላ ይህን የአቋም መግለጫ በ2018 ዓ.ም. አውጥተናል።

ውይይቱን የከፈትነው በአዋጅ ሳይሆን በደብተር ነው። አንድ የብረታ ብረት ቤት ባለቤት የሆነ አባላችን የአድቫንስ ደብተሩን ይዞ መጣ። ግራሶ የነካካው፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ ገጹ በእስክሪብቶ በአምስት ዓምድ የተሰመረ ደብተር ነው፦ ቀን፣ ስም፣ ምክንያት፣ መጠን፣ ፊርማ። ስሙንና መጠኑን በመዳፉ ሸፍኖ ምክንያቱን ብቻ አነበበልን። ልጅ ታሞ። የቤት ኪራይ። ልጅ ታሞ። ሚስት ኦፕራሲዮን። እናት፣ ዓይን። የትምህርት ቤት ምዝገባ። ልጅ ታሞ። አባት ከክፍለ ሀገር መጥተው፣ ራጅና ላብራቶሪ። ለበዓል። ልጅ ታሞ፣ ሁለተኛ። አንዱን ገጽ ጨርሶ ሲገልጥ ከተሰብሳቢው ማንም አልተነፈሰም። ሁላችንም የየራሳችን ደብተር ፊታችን ላይ ድቅን ብሎብን ነበር።

የደረስንበት አቋም ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። መድን የለንም እንላለን እንጂ የሠራተኛን ቤተሰብ የማሳከሚያ ወጪ አሠሪም ሠራተኛም ዛሬም እየከፈልን ነው። የምንከፍለው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ፣ በጥድፊያ፣ በብድርና በመዋጮ፣ ካለው መንገድ ሁሉ እጅግ ውዱን መርጠን ነው። ስለዚህ ከደመወዝ የታወቀ መቶኛ በየወሩ አስቀድሞ እንዲዋጣ እንደግፋለን። አሠሪው የድርሻውን ይክፈል የሚለውንም ተቀብለናል፤ ሁኔታዎቹን ግን ከዚህ በታች አስቀምጠናል።

በጌጃ ሰፈር እድር የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም ሲበተን እንኳ፣ በሁለት ታክሲ ተሳፍረው እየመጡ የድሮ እድራቸውን ወርኃዊ የሚከፍሉ ሽማግሌዎች አሉን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ያው ሰው በሕይወት እያለ ታሞ ሲተኛ ግን አብዛኛው የእድር መተዳደሪያ ደንብ የሚለው የለውም፤ ቢልም ለጥየቃ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ነው። ከሠራተኞች ተወካዮች አንዷ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ "እኛ እኮ ለመሞት ነው እንጂ ለመታመም አልተዘጋጀንም" አለች። ተሳቀ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ የሚል ድምፅም ተሰማና ገባ።

አንድ ሁኔታ በዝርዝር እናቅርብ። ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት የሚሠራ የቶርኖ ባለሙያ የአራት ዓመት ልጁ ሌሊት መተንፈስ አቃታት። መጀመሪያ የወሰዳት ወደ ቅርቡ የግል ሆስፒታል ነበር። ማስያዣ ተባለ፤ በኪሱ የነበረው ግማሹን አይሞላም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለአሠሪው ደወለ። አሠሪው በሞባይል ባንክ ላከለት፣ ልጅቱም ተኛች። ጠዋት ሥራ ቤት ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀት በፕላስተር ኮምፕሬሰሩ ላይ ተለጠፈ። ከላዩ የልጅቱ ስም፣ ከታች የሠራተኛው ስም ዝርዝር፣ ከየስሙ አጠገብ ብር። ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ፣ መቶ፣ ጥበቃው ሃምሳ። ልጅቱ ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቶርኖው ግን ዘጠኝ ቀን ቆመ፤ ለአንድ የወፍጮ ባለቤት በቀን የተቆረጠለት ዘንግ አልደረሰለትምና ደንበኛው ሥራውን ወደ ሌላ ቤት ወሰደው። የተላከው ገንዘብ ደግሞ አድቫንስ ተብሎ ደብተር ላይ ሰፈረ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ መቁረጥ ስለማይፈቅድ ዕዳው ወራት ፈጀ። ሳያልቅ ባለሙያው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ። ሰውየውን ለመውቀስ ይህን አላነሳንም፤ ማናችንም በእሱ ቦታ ብንሆን እንሄድ ነበር። እዚህ ላይ ማን ስንት ከፈለ ብለን ሒሳቡን ብንዘረጋው ግን አሠሪው ገንዘቡን፣ ዘጠኝ የሥራ ቀኑንና ደንበኛውን ከፍሏል። ሠራተኛው የወራት ደመወዙን፣ ጓደኞቹ ከምሳቸው ቆርሰው፣ ጥበቃው ሃምሳ ብሩን። ይህን ሁሉ ከፍለን በእጃችን አንድ የመድን ካርድ እንኳ የለም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት የማሳከሚያ ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳል። ጣቱን ማሽን ለቆረጠው ሰው ኃላፊነቱ የእኛ ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ከሥራ ጋር ለማይገናኝ ሕመም ያለው ግን የሕመም ፈቃድ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ፈቃዱ ለራሱ ለሠራተኛው ሕመም ነው፤ ለልጁ አይደለም፣ የመድኃኒት መግዣም የለውም። ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ክፍተት የሚሞሉት በኅብረት ስምምነት ነው። ባንክ የሚሠራ ጎረቤታችን ሚስቱንና ልጆቹን በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ያሳክማል። እኛ ዘንድ ግን ሕጉ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አሥር ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ስምንት ሰው ያለው ጋራዥ ማኅበር የለውም፣ ማኅበር ከሌለ የኅብረት ስምምነት የለም፣ ስምምነት ከሌለ የቤተሰብ ሕክምና የአሠሪው ልብ እንደራራ ነው። ልባችን ራርቶ ሳለ ኪሳችን ባዶ የሚሆንበት ወር መኖሩን ደግሞ አሠሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

መፍትሔው ከተጻፈ ቆይቷል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ማስፈጸሚያው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 በ2005 ዓ.ም. ተከተለ። ደንቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ ከፍሎ መንግሥት ሌላ 1 በመቶ እንዲጨምርለት ወስኗል። ከዚያ ወዲህ "ዘንድሮ ይጀመራል" የተባለባቸው ዓመታት ተደራርበዋል። ከመንግሥት ሠራተኛው በተለይም ከመምህራን በኩል "ደመወዛችን ሳይጨመር ተቀናሽ አይጨመርብን" የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ ቅሬታው ከንቱ ነበር አንልም። ይሁንና ይህ መግለጫ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ በዚያ አዋጅ የመድን ካርድ የያዘ ሠራተኛ በአባሎቻችን ቤት አላየንም። አዋጁ ሲወጣ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጋራዥ ገብቶ ቁልፍ ያቀብላል።

በሌላ በኩል በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገሪቱ ተስፋፍቷል፤ አዲስ አበባም ገብቷል። ሥራውን አይተነዋል። ጉልት የምትቸረችር እናት ካርዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ሪፈር ተጽፎላት፣ ሆስፒታል ታክማ ስትመጣ አይተናል። መርሐ ግብሩ ግን የተዘጋጀው ከመደበኛው ክፍለ ኢኮኖሚ ውጪ ላለው ሰው ነው። ፔሮል ላይ ያለ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ የሚቆረጥበት ሰው "የአንተ በማኅበራዊው ነው፣ ጠብቅ" ይባላል። ይጠብቃል። እኛ ግቢ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ተፈጥሯል ማለት ነው፦ ሕጋዊ ሆኖ የተቀጠረ ሰው በራሱ ስም ካርድ የለውም፣ በር ላይ ሎተሪ የሚያዞረው አለው። ይህ ሠራተኛን ከፔሮል የሚያሸሽ ነገር ነው፤ "እኔን አታስመዝግበኝ፣ የቀበሌ መድኔ ይቀርብኛል" ያለው ሠራተኛ ያለው አባል በጉባኤው ላይ እጁን አውጥቶ ነግሮናል።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ፤ መቶኛ ሲባል ሰው የሚፈራው ብሩ ስለማይነገረው ነው። ጠቅላላ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ባለሙያ እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ የሥራ ግብሩ 1,150 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ 560 ብር። እጁ የሚገባው 6,290 ብር ነው። 3 በመቶ የጤና መድን ቢጨመር 240 ብር ይቀነስና 6,050 ብር ይሆናል። በአሠሪው በኩል 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 880 ብር አለ፤ በላዩ 240 ብር ሲጨመር ይህን ሰው የማሠራት ወርኃዊ ወጪ ከ8,880 ወደ 9,120 ብር ይወጣል። እንዲህ ያሉ አሥር ሠራተኞች ያሉት ቤት በወር 2,400፣ በዓመት 28,800 ብር ይጨምራል። ለአነስተኛ ድርጅት ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከኪራይ ጭማሪ በላይ የሚያስጨንቀው አባል አለን። ነገር ግን ከአንዱ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ሁለቱ ወገኖች አዋጥተው የሚሰበሰበው በዓመት 5,760 ብር ነው። ይህ ለባል፣ ለሚስትና ለልጆች፣ የዓመት ነው። ያን ሌሊት ለማስያዣ ከተላከው ገንዘብ ጋር አስተያይተነዋል፤ የሠራተኞች ተወካዮች ሐሳባቸውን መለወጥ የጀመሩትም ይህ ሒሳብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ነው።

የሕክምና ዋጋም ባለበት አልቆመም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት መቶን አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችንና የላብራቶሪው ኬሚካል ከውጭ የሚመጣ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የምትገዛ የምግብ ቤት አብሳይ ይህን ያወቀችው በዜና ሳይሆን ፋርማሲ መስኮት ላይ ነው።

ጎረቤቶቻችን ምን እንዳደረጉም ተመልክተናል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አዲሱን የማኅበራዊ ጤና መድን ስትጀምር ከሠራተኛው ጠቅላላ ደመወዝ 2.75 በመቶ ቆረጠች፤ አሠሪው የራሱን ድርሻ እንዲጨምር አላስገደደችም። ጋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ዋናውን ገንዘብ በሸቀጥና አገልግሎት ላይ ከጣለችው 2.5 በመቶ ቀረጥ ሰበሰበች፤ ከማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም ቆንጥራ ጨመረችበት። የኬንያው መንገድ ለእኛ ለአሠሪዎች ይጣፍጣል፤ አልደበቅነውም። ሆኖም አልመረጥነውም። አሠሪው ድርሻ የሌለው ከሆነ ጉዳዩ የሠራተኛው ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ፈንዱ በአግባቡ መሥራቱን የሚጠይቅ አሠሪም አይኖርም። ገንዘቡን ያወጣ ነው የሚጮኸው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንላለን።

የ3 በመቶውን የአሠሪ ድርሻ እንቀበላለን፤ አፈጻጸሙ ግን በደረጃ ይሁን። የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲጀመር ማንም በአንድ ቀን 18 በመቶ አልተጫነበትም። አሠሪው ከ7፣ ሠራተኛው ከ5 በመቶ ተነሥተው ነው በጥቂት ዓመታት 11 እና 7 የደረሱት። ያኔም ተጉረምርሞ ነበር፤ ዛሬ ጡረታ የማያስቆርጥ ቤት መቀጠር የሚፈልግ ባለሙያ ጥቂት ነው። ለጤና መድኑም ከሃያ ሠራተኛ በታች ላለን ድርጅቶች ከ1 በመቶ ተነሥቶ በሦስት ዓመት 3 የሚደርስ መሸጋገሪያ ይሰጠን። በእነዚህ ዓመታት ግን ካርዱ ሙሉ ይሁን፤ ጉድለቱን መንግሥት ይሙላው። "ግማሽ ክፈሉ፣ ግማሽ ታከሙ" የሚለውን አንቀበልም።

ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን። በማኅበራዊ ጤና መድን አዋጁ ቤተሰብ የሚባሉት የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የደብተሩ ገጽ ግን እናትንም አባትንም ይቆጥራል። ሠራተኞቻችን ከጉራጌ፣ ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ ያላገባው ወጣት 3 በመቶ የሚከፍለው ለማን ነው ቢባል መልሱ "ለእናቴ ካልሆነማ ለማን" ነው። ወላጅን ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አካትቱ አንልም፤ ፈንዱን ባንድ ጀንበር የሚያደርቅ ጥያቄ መሆኑን እናውቃለን። የምናቀርበው ሁለት ነገር ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ተቀጥረው ሁለቱም የሚያዋጡ ከሆነ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ ስለዚህ የአንደኛው የቤተሰብ ቦታ ለወላጅ ይዋልላቸው። ያላገባ ሠራተኛም አንድ ወላጅ የማስመዝገብ መብት ይኑረው። ከዚያ በላይ የፈለገ ጨምሮ ይክፈል።

ይህን ተከትሎ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሠራተኛ ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ናቸው፤ በዚያም ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ መድን አባል ሆኖ፣ አዝመራ ከገባ በኋላ ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል። አባትየው እዚህ 3 በመቶ ሲቆረጥበት ሚስትየው እዚያ ለዚያው ልጅ ድጋሚ መክፈል የለባትም። ሁለቱ ፈንዶች ይተያዩ፣ አንዱ ለሌላው ሒሳብ ያስተላልፍ። የአባቱ የጌጃ ሰፈር መዋጮ ደብረ ማርቆስ ላይ ልጁን የማያሳክም ከሆነ ስሙ የቤተሰብ መድን ሊሆን አይችልም።

በከተማው ውስጥም እንዲሁ። ሠራተኛው የሚያድረው ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ የሚውለው ልደታ ነው። ካርዱ ከመኖሪያ ወረዳው ጤና ጣቢያ ጋር ብቻ ከታሰረ ለመታከም አንድ ቀን ሥራ መቅረት አለበት፤ ያቺ ቀን ደግሞ የሠራተኛውም የእኛም ኪሳራ ናት። ከሥራ ቦታው አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያም እንዲታከም ይፈቀድለት፤ ቤተሰቡ ከቤቱ አጠገብ ይታከም።

መድኃኒት የሚለውን ጉዳይ በጣም አጥብቀን እንይዘዋለን፤ ጉባኤው ላይ ከሁሉም በላይ ድምፅ ከፍ ያለበት እዚህ ነው። ካርድ ይዞ ሄዶ፣ ሐኪም አይቶት፣ ወረቀት ተጽፎለት፣ "ይሄ እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዛ" የተባለ ሰው ታክሟል አይባልም። 240 ብር ተቆርጦበት ደግሞ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ በሚቀጥለው ወር ፔሮል ላይ ፊርማውን አናገኝም። ስለዚህ ፈንዱ ከከነማና ከቀይ መስቀል ፋርማሲዎች እንዲሁም ፈቃደኛ ከሆኑ የግል ፋርማሲዎች ጋር ውል ይግባ፤ ጤና ተቋሙ ያጣውን መድኃኒት አባሉ በካርዱ ይውሰድ፣ ሒሳቡን ተቋማቱ እርስ በርስ ይተሳሰቡ። ከኪሱ የገዛ ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ ይመለስለት።

ደንቡ ከሽፋን ውጪ ካደረጋቸው መካከል የውጭ አገር ሕክምና፣ የውበት ቀዶ ሕክምና፣ መነጽር፣ የአካል ንቅለ ተከላና ሥር ለሰደደ የኩላሊት ሕመም የሚደረግ እጥበት ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንረዳለን። የኩላሊቱን ግን በየሳምንቱ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ እንሰማዋለን፦ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና፣ በላዩ ድምፅ ማጉያ፣ በጎን ካርቶን የያዙ ወጣቶች። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ አገር ውስጥ የማይገኝ ነገር ነው የሚባልበት ዘመን አልፏል። እጥበት ውድ መሆኑንና ጥቂት ሕሙማን ብዙ ገንዘብ እንደሚወስዱ አልዘነጋንም። ቢያንስ የተወሰነ ወራት እጥበት የሚሸፈንበት ጣሪያ ይጠና እንላለን። ሌላው ሁሉ በመድን ተሸፍኖ ሰው ለመኖር ድምፅ ማጉያ የሚያስፈልገው ከሆነ ከእድሩ ብዙም አልራቅንም።

የግብር ጉዳይ አጭር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለውን ትክክለኛ ወጪ ከሥራ ግብር ነጻ ያደርጋል። የሚለው "ለሠራተኛው" ነው። አሠሪ ለሠራተኛው ሚስትና ልጅ ሕክምና ወይም አረቦን ሲከፍል እንደ ደመወዝ ጭማሪ ታይቶ ግብር እንዳይጣልበት፣ ለአሠሪውም በወጪነት እንዲያዝለት በግልጽ ይጻፍ።

የራሳቸው ክሊኒክ ወይም የቡድን መድን ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ከማኅበራዊ መድኑ እንዲወጡ የሚቀርብ ጥያቄ ካለ እንቃወማለን። የ40,000 ብር ደመወዝተኛ 3 በመቶ 1,200 ብር ነው፤ የ5,000 ብር ደመወዝተኛ 150 ብር። ሁለቱ አንድ ካርድ የሚይዙት ባለ ብዙው ከውስጥ ሲሆን ነው። እነሱ ወጥተው እኛ ትንንሾቹ ብቻችንን ብንቀር የሚፈጠረው ፈንድ የድሆች መዋጮ ወረቀት ነው፤ እሱ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ላይ አለን። ከማኅበራዊው በላይ የራሳቸውን ተጨማሪ መድን ለሠራተኛቸው ቢገዙ ደስታችን ነው።

ወቀሳው ወደ እኛም ይዙር። ከአባሎቻችን መካከል ለሠራተኛ 9,000 ብር እየከፈሉ ፔሮል ላይ 4,000 የሚጽፉ፣ ቀሪውን በእጅ የሚሰጡ አሉ። ምክንያቱን እናውቃለን፤ ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ ተስማምቶ ነው። የሐሰት ደመወዝ 3 በመቶ ግን የሐሰት መድን ነው፤ ጡረታውም እንዲሁ። ጉባኤው ይህን የሚያደርግ አባል በዚህ መግለጫ ስም መጠቀም እንደማይችል በአብላጫ ድምፅ ወስኗል። አብላጫው ጠባብ ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አስፈላጊ መስሎናል።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጁ እስኪተገበር እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ስምንት ሠራተኛ ያለው አንድ አባላችን ከአንድ መድን ድርጅት የቡድን የሕክምና መድን ጠይቆ ቁጥራችሁ ያንሳል ተብሎ ተመልሷል። ስለዚህ ፈቃደኛ የሆንን ድርጅቶች ሠራተኞቻችንን ከነቤተሰባቸው በአንድ መዝገብ አሰባስበን እንደ አንድ ቡድን ከመድን ድርጅቶች ዋጋ እንጠይቃለን፤ አረቦኑን አሠሪው ግማሽ፣ ሠራተኛው ግማሽ ይከፍላል። ጎን ለጎን የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎትና የከተማው አስተዳደር፣ ከአሥር በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊው እስኪጀመር ድረስ በማኅበረሰብ አቀፉ መድን እንዲመዘገቡ በጊዜያዊነት እንዲፈቅዱ እንጠይቃለን። ያ ቢፈቀድ የሠራተኛውን ዓመታዊ መዋጮ አሠሪው ሙሉ በሙሉ ሊከፍል ተስማምተናል።

በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ ሦስት አባላት ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸው በጥያቄያቸው መሠረት እንዲህ ተመዝግቧል። የማተሚያ ቤት ባለቤቱ፣ ወረቀትና ቀለም በእጥፍ በተወደደበት ጊዜ አንድም ተጨማሪ መቶኛ ሠራተኛ ወደ መቀነስ ያስገባኛል ብሏል። ሁለቱ የካፌ ባለቤቶች ደግሞ አስተናጋጅ በዓመት ሦስት ጊዜ ስለሚለዋወጥባቸው፣ እኛ ከፍለን ካርዱ የሚደርሰው ሌላ ቤት ከሄደ በኋላ ነው የሚል ስጋት አቅርበዋል። የሁለተኛው ስጋት መልስ ካርዱ ከአሠሪው ጋር ሳይሆን ከሠራተኛው መለያ ቁጥር ጋር መታሰሩ ነው፤ የጡረታ ቁጥሩ እንደሚከተለው ይህም ይከተለው። ለመጀመሪያው በቂ መልስ አላገኘንም፤ የመሸጋገሪያ ጊዜውን የጠየቅነው በዋናነት ስለ እሱ ነው።

የቀን ሠራተኛውን በተመለከተ ጉባኤው ሳይስማማ ተበትኗል። ጠዋት ልደታ ላይ ቆሞ የሚቀጠረው፣ ዛሬ እኛ ዘንድ ሲሚንቶ አውርዶ ነገ ሌላ ቤት ብረት የሚሸከመው ሰው 3 በመቶው የማን ነው? አንዳንዱ በማኅበረሰብ አቀፉ ይቆይ አለ። ሌላው በቀን ክፍያው ላይ የተወሰነ ብር አስልተን በሞባይል ለፈንዱ እንክፈልለት አለ። ሦስት አሠሪዎችና ሦስት ሠራተኞች ያሉበት ኮሚቴ ተመርጧል፤ ሐሳቡን ለቀጣዩ ጉባኤ ያቀርባል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ያው የአድቫንስ ደብተሩን ያመጣው ብረት ሠሪ ነው፤ ደብተሩ የቀን ሠራተኛ ስም ጨርሶ እንደሌለበት ያስተዋለው እሱ ራሱ ነበር።